በአንድ ግቢ ሦስት የዋይፋይ ትውልድ

ባለፈው ጥምቀት ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ የወጣው ልብስም ሽቶም አልነበረም፤ በካርቶን የታሸገ ነጭ ዕቃ ነበር። «ዋይፋይ 7 ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ኔትወርክ ጠፋ አይባልም» አለን። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ባለው የወላጆቼ ግቢ ቀድሞውኑ ሁለት ዕቃዎች ነበሩ፦ በዋናው ቤት ሳሎን የተቀመጠ የዋይፋይ 6 ራውተር፣ በሰርቪሱ መተላለፊያ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ደግሞ ከእርሱ የቀደመ የዋይፋይ 5 አቀባባይ (ኢንተርኔቱን ከራውተሩ ተቀብሎ ወደ ሩቅ ክፍል የሚያስተላልፍ ዕቃ)። ወንድሜ ያሰበው ማንም የሚያስበውን ነው፤ ጉልበተኛውን ዕቃ ኔትወርክ ወደ ደከመበት ቦታ መውሰድ። ስለዚህ አዲሱን ከሰርቪሱ ጫፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተከራዩት የመጨረሻ ክፍል ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። ሦስቱም የአንድ አምራች ሥራ በመሆናቸው በስልኩ መተግበሪያ ላይ ወዲያው ተዋወቁ፤ መብራታቸውም አረንጓዴ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ከተከራዮቹ አንዷ ወደ እናቴ መጣች። «እማማ፣ ስልኬ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ምንም አይከፍትልኝም።»

የተማሪዋ አቤቱታ ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ እውነት ይዟል። በስልካችን ጥግ የምናያቸው የዋይፋይ መስመሮች የሚነግሩን ስልኩና በአቅራቢያው ያለው ዕቃ ምን ያህል እንደሚሰማሙ ብቻ ነው። ያ ዕቃ ከበስተኋላው ከሌሎቹ ጋር በምን ሁኔታ እንደሚገናኝ፣ ኢንተርኔቱ በስንት እጅ አልፎ እንደደረሰ ምንም አይናገሩም። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። አዲሱ ዕቃ ለተማሪዋ ስልክ ሙሉ ሲግናል ይሰጣል፤ ራሱ ግን ኢንተርኔቱን የሚቀበለው ከአሮጌው አቀባባይ፣ አሮጌውም በተራው ከሳሎኑ ነበር። ቀድሞ አንድ ጊዜ ይቀባበል የነበረው አሁን ሁለት ጊዜ ተቀባበለ፤ መካከለኛውም ከሦስቱ ደካማው ሆነ።

ይህን የምጽፈው የእኛ ግቢ ብቻውን ስላልሆነ ነው። በጎንደር የአብዛኛው ቤተሰብ ዕቃ በአንድ ቀን በአንድ ዋጋ አይገዛም። አንዱን መስመሩ ሲገባ ያገኘዋል፣ ሌላውን ከፒያሳ ሱቆች ይገዛዋል፣ ሦስተኛው ዘመድ ለገና ወይም ለጥምቀት ሲመጣ በሻንጣ ይደርሳል። አሮጌውን መጣል ደግሞ ልማዳችን አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ስለዚህ ትውልዶችን ማቀላቀል ለእኛ የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የኑሮ ሁኔታ ነው። መቀላቀላቸው ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም ሳናስብ ስንቀር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ በአጭሩ ላስታውስ። ዋይፋይ አላያንስ የተባለው የአምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ለገዢው የማይገቡትን የቴክኒክ ስሞች ትቶ ትውልዶቹን በተራ ቁጥር መጥራት ጀመረ። በ2009 የጸደቀው ዋይፋይ 4፣ በ2013 የመጣው ዋይፋይ 5 ተባለ። ዋይፋይ 6 በ2019 የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ጀመረ፤ በ2021 የ6 ጊጋኸርዝን ሞገድ (ጊጋኸርዝ የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ ነው) የጨመረው 6ኢ ተከተለ፤ ዋይፋይ 7 ደግሞ በጥር 2024። ስምንተኛውም በዝግጅት ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ዋይፋይ 5 የሚሠራው በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። «ዋይፋይ 5» የተባለ ዕቃ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲናገር የሚናገረው በዋይፋይ 4 ቋንቋ ነው። ከዋናው ቤት ርቆ፣ ግድግዳ ተጋርዶበት ወደ 2.4 የወረደ አሮጌ አቀባባይ እንግዲህ በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር በአንድ ትውልድ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው።

ሰዎች «የእኔ ራውተር ዋይፋይ 7 ነው» ሲሉ ቁጥሩን የዕቃው ንብረት ያደርጉታል። ቁጥሩ እውን የሚሆነው ግን ሁለት ዕቃዎች ሲነጋገሩ ነው። አዲሱ የአሮጌውን ቋንቋ ያውቃል፤ አሮጌው የአዲሱን አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ የሚነጋገሩት በአሮጌው ቋንቋ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ሁለት የመረጃ ጅረት የሚያስተላልፉ ዕቃዎች በ80 ሜጋኸርዝ የሞገድ መንገድ ስፋት በዋይፋይ 5 ሲነጋገሩ ከፍተኛው ፍጥነት 867 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ በዋይፋይ 6 ደግሞ 1201። ስፋቱ ወደ 160 ሜጋኸርዝ ሲያድግ ዋይፋይ 6 እስከ 2402 ይደርሳል። ዋይፋይ 7 በ6 ጊጋኸርዝ 320 ሜጋኸርዝ ስፋት ካገኘ 5765 ገደማ። በገሃዱ ዓለም ከእነዚህ ቁጥሮች ግማሽ ያህሉን ያገኘ ሰው መልካም አገኘ ይባላል፤ ግድግዳ ካለ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ዋይፋይ 7ን ያስወደዱት ችሎታዎች ሁሉ እንዲህ የሁለት ወገን ስምምነት የሚጠይቁ ናቸው። የ6 ጊጋኸርዝ መስመር በሁለቱም ጫፍ የ6ኢ ወይም የ7 ዕቃ ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ በሁለት ሞገዶች መላክና መቀበል የሚባለውም ሁለቱም ዋይፋይ 7 ካልሆኑ አይኖርም። በግቢያችን አንድ ዋይፋይ 7 ብቻውን በነበረበት ሁኔታ ከአቀባባዮቹ ጋር ሲነጋገር እነዚህ ችሎታዎች አንዳቸውም አልሠሩም። የሚሠሩት ዋይፋይ 7 የሆነ ስልክ ይዞ ከአጠገቡ ለቆመ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ወንድሜ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ መቀባበሉ ልመለስ፤ የነገሩ እምብርት እርሱ ነው። ፎቅ ሲሠራ በሰልፍ ቆመው ብሎኬት የሚያቀባብሉ የቀን ሠራተኞችን ያስቡ። አንድ ሰው ከግራው ተቀብሎ ወደ ቀኙ እስኪሰጥ ድረስ ሌላ ብሎኬት መቀበል አይችልም፤ እጁ ተይዟል። በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ሞገድ የሚያስተላልፍ አቀባባይም እንዲሁ ነው፤ በሚቀበልበት ቅጽበት መስጠት አይችልም። ስለዚህ በአንድ አቀባባይ ያለፈ ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ በሁለት ካለፈ እንደገና ይቀንሳል። ይህ የትውልድ ጉዳይ አይደለም፤ አዲስም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አሮጌ ዕቃ በመካከል ሲቆም ግን ቅነሳው ራሱ ከዝቅተኛ ቁጥር ይጀምራል፤ ከእርሱ በስተኋላ ያለው ሁሉ፣ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ከእርሱ የተረፈውን ይካፈላል።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩን አንድ ጉዳይ አለ። አንዳንድ የዋይፋይ 5 ሜሽ ዕቃዎች (ሜሽ ማለት እንደ እኛ ግቢ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ አንድ ኔትወርክ የሚሠሩ ዕቃዎች ስብስብ ነው) ሦስት ሬዲዮ፣ ማለትም ሞገድ የሚልክና የሚቀበል ሦስት ክፍል፣ ነበራቸው፤ አንዱ ለአቀባባዮቹ የእርስ በርስ መስመር ብቻ የተለየ ነው። በሰልፉ ላይ ሁለተኛ ሰው ከጎኑ ቆሞ እንደማገዝ ያለ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ባለ ሦስት ሬዲዮ ጥንድ በአቀባባይነት ሥራ ከርካሽ ባለ ሁለት ሬዲዮ የዋይፋይ 6 ጥንድ የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ካርቶኑ ላይ «ባለ ሦስት ባንድ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አሮጌ ዕቃ «ቁጥሩ 5 ነው» ብለው ለመጣል አይቸኩሉ።

እንግዲህ አሰላለፉ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። አዲሱ ዕቃ ከመስመሩ መግቢያ፣ ከሞደሙ አጠገብ ይሁን፤ የግቢው ትራፊክ ሁሉ በእርሱ ያልፋልና ብርቱ አንጎልና ብርቱ ሬዲዮ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ሁለተኛው አዲስ ከዋናው ቀጥሎ፣ በዕይታ ወይም በአንድ ግድግዳ ርቀት ይቁም። አሮጌው የሰልፉ ጫፍ ላይ ይሁን፤ ከእርሱ በኋላ የሚጠብቅ ሌላ ዕቃ አይኑር። ከተቻለ ደግሞ ሰልፍ ከመሆን ይልቅ እያንዳንዱ አቀባባይ በቀጥታ ከዋናው ጋር እንዲገናኝ ዋናውን ወደ ግቢው መካከል ማስጠጋት ይሻላል። በአንዳንድ መተግበሪያዎች ማን ከማን እንደተገናኘ ይታያል፤ ገብተው ሳያዩ ምንም አይግዙ።

የወንድሜ ስሕተት እንግዲህ የአሳቢ ሰው ስሕተት ነበር። ደካማው ቦታ የሚታየው ጫፉ ላይ ነው፤ ድካሙ የሚጀምረው ግን ከመካከል ነው።

ስለ ግድግዳዎቻችንም ማውራት አለብኝ፤ ከውጭ የመጣ የአጠቃቀም መመሪያ ስለ እነርሱ አያውቅምና። ጎንደር ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን በድንጋይና በኖራ ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ ወፍራም ግድግዳ የሚወድ ከተማ ነው። በፒያሳ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣሊያን ወረራ የተሠሩት ቤቶችም ግድግዳቸው ቀላል አይደለም። 5 ጊጋኸርዝ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ሲያልፍ በጣም ይዳከማል፤ 6 ጊጋኸርዝ ደግሞ ይብሳል፤ 2.4 ከሁሉም ይሻላል። በአዲሶቹ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ዋናው ጠላት ሶሌታው ነው፤ ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት ሞገዱን በከፊል ይውጠዋል፣ በከፊል ይመልሰዋል። በጭቃና በጭድ የተሠራ ቀጭን ግድግዳ ደረቅ ሲሆን ያሳልፋል። ቆርቆሮ ግን ምንም አያሳልፍም፤ እንደ መስታወት መልሶ ይልከዋል። በዋናው ቤትና በሰርቪሱ መካከል የቆርቆሮ ከለላ ያለበት ግቢ፣ ወይም የሰርቪሱ በርና መስኮት ሁሉ ላሜራ የሆነበት ቤት፣ ማንኛውም ትውልድ ዋይፋይ ቢመጣ በዚያ አቅጣጫ አያልፍም። መፍትሔው አቀባባዩን ወደ መስኮት መስታወት ወይም በረንዳ አምጥቶ ሞገዱ በክፍት አየር እንዲሄድ ማድረግ ነው። በእኛ ግቢ ዕቃውን ሁለት ሜትር ብቻ ወደ በረንዳው ማውጣት ትውልድ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ አመጣ።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ሌላ ጥያቄ «አንድ አሮጌ ስልክ ከገባ ሁሉም ወደ አሮጌ ይወርዳል ወይ?» የሚል ነው። አይወርድም። ዋይፋይ 7 ስልክ ከዋይፋይ 7 ራውተር ጋር ሲነጋገር በአጠገቡ ዋይፋይ 4 ስልክ ስላለ ቋንቋውን አይቀይርም። የሚካፈሉት ጊዜን ነው። በቦኖ ወረፋ ቆመን የምናውቀው ነገር ነው፤ ቧንቧው አንድ ነው፣ አንድ ሰው አፈ ጠባብ ጀሪካን ይዞ ከመጣ ውኃው በቀስታ ነው የሚገባለት፣ ያ ጀሪካን እስኪሞላ ሁላችንም እንጠብቃለን። የባለ ሰፊ አፍ ጀሪካኑ ሰው ተራው ሲደርስ እንደ ቀድሞው በፍጥነት ይሞላል፤ ተራው ግን ዘገየበት። አሮጌ ስልክ፣ አሮጌ ቴሌቪዥንና ርካሽ የጥበቃ ካሜራ ያንኑ መጠን መረጃ ለመላክ ረጅም የአየር ጊዜ ይወስዳሉ። በተለይ ቀን ከሌት ምስል የሚልክ ካሜራ ከወረፋው ፈጽሞ አይወጣም።

በሜሽ ውስጥ ይህ ወረፋ ከአንድ ክፍል አልፎ ግቢውን ሁሉ ይነካል። አቀባባዮቹ ያለ ገመድ ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቻናል (በሞገዱ ውስጥ ባለ አንድ መንገድ) ላይ ስለሆኑ በሰርቪሱ የሚልከው ካሜራ የሳሎኑንም ተራ ይይዛል። ስለዚህ አሮጌዎቹን መሣሪያዎች ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ማዛወር፣ 5 ጊጋኸርዙን ለስልኮችና ለላፕቶፖች መተው ጥሩ ነው። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። እንደ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ጎረቤቶች ተነጋግረው ቢከፋፈሏቸው ለሁሉም ይጠቅማል። ከሞደሙ ጋር አብሮ የመጣው ዋይፋይም ሜሽ ካለ ያለ ጥቅም ይናገራልና ይጥፋ።

ወጪ ከማውጣት በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ወደ ግቢው የሚገባው መስመር ራሱ ስንት ነው? በመዳብ ስልክ መስመር በተለመደው የኤዲኤስኤል አሠራር የሚመጣ ኢንተርኔት በጥሩ ሁኔታ እንኳ ጣሪያው 24 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ነው። ያን ያህል ውኃ ለማሳለፍ ዋይፋይ 4 እንኳ በቂ ሰፊ ቧንቧ ነው። ፋይበር እስከ ቤት ለገባለት ቤተሰብም ቢሆን የተከፈለው ጥቅል በአስር ሜጋቢቶች የሚቆጠር ከሆነ በደንብ የተቀመጠ የዋይፋይ 5 ሜሽ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ቆጣቢ እንሁን ማለቴ ነው። በስደት ያለ ወንድም ወይም እህት በሌሊት ሥራ ያገኘውን ብር ለማይሠራ ቁጥር እንዲያወጣ ማድረግ ያሳዝነኛል። ፈተናው ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፍጥነቱን ይለኩ፤ መጀመሪያ ላፕቶፕ በገመድ ከሞደሙ ጋር አያይዘው፣ ቀጥሎ በስልክ ከዋናው ራውተር አጠገብ፣ በመጨረሻ ከጫፉ አቀባባይ አጠገብ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ከተቀራረቡ፣ ሦስተኛው ግን ክፉኛ ከወረደ፣ ችግሩ በአቀባባዮቹ መካከል ነው። የመጀመሪያው ራሱ ዝቅተኛ ከሆነ ማንኛውም አዲስ ዕቃ አይረዳም።

ችግሩ በአቀባባዮቹ መካከል ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ገመድ ነው። ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪሱ የተዘረጋ አንድ የኔትወርክ ገመድ የትውልዶችን ልዩነት በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ አቀባባዩ ብሎኬቱን የሚቀበለው በሌላ እጅ ስለሚሆን ፍጥነቱ አይገመስም፣ ዋይፋይ 5 ከዋይፋይ 7 ጋር ምን ቋንቋ ይናገር የሚለውም ጥያቄ ይጠፋል። ካቴጎሪ 5ኢ የሚባለው ተራ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል። ከዚህ በላይ የሆነ ግቢ በከተማችን ብዙ የለም።

ገመዱ ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ በመዳብ ስም ይሸጣል። ሽቦውን በምላጭ ቢፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ክብደቱም ቀላል ነው፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ከቤት ውጭ የሚዘረጋው ለውጭ የተሠራ ይሁን፤ የደጋ ፀሐይ ተራውን ሽፋን በጥቂት ዓመታት ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። በገመዱ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች አሉ። ባለሙያው አራቱን ብቻ አስሮ ከሄደ፣ ወይም አንዱ በደንብ ካልነካ፣ ፍጥነቱ ሳይነገርዎት ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ሥራው ሲያልቅ መተግበሪያው «1 ጊጋቢት» ወይም «1000» ማለቱን ሳያዩ ሒሳብ አይክፈሉ።

የአምራቾች ጉዳይ ሌላው መሰናክል ነው። ዋይፋይ ለስልኮች የጋራ ቋንቋ ሆኖ ሳለ በሜሽ አቀባባዮች መካከል ያለው ቋንቋ ግን ብዙውን ጊዜ የእያንዳንዱ አምራች የግሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢዚሜሽ የሚባል የጋራ ደንብ ወጥቷል፤ ሁሉም ግን አልተቀበለውም፤ የተቀበሉትም በመካከላቸው ሁልጊዜ ያለ ችግር አይሠሩም። የአንድ አምራች የሆኑትም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይስማሙም። የቲፒሊንክ ዴኮ ዕቃዎች ከተለያየ ትውልድ ቢሆኑም አብረው ይሠራሉ፤ የአሱስ አይሜሽም ብዙ አሮጌ ራውተሮችን ይቀበላል። የጉግል ኔስት ዋይፋይ ፕሮ ግን ከጉግል ቀደምት የዋይፋይ ዕቃዎች ጋር በአንድ ሜሽ አይገባም። ስለዚህ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ብሎ ሲደውል ያለዎትን ዕቃ ሞዴል ፎቶ አንሥተው ይላኩለት። «ጥሩ ዋይፋይ አምጣልኝ» ማለት ብቻውን ለሐዘን ይዳርጋል።

የማይስማሙ ሁለት ዕቃዎች በእጅ ካሉስ? አሮጌውን በገመድ አያይዞ አክሰስ ፖይንት በሚባለው አሠራር (ኢንተርኔቱን በገመድ ተቀብሎ በዋይፋይ ብቻ በሚያሰራጭበት) ማቆም ይቻላል። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ ማድረግ፣ ቻናሉን ግን መለየት፣ ለስልኮቹ የኔትወርክ አድራሻ የማከፋፈል ሥራውን (ዲኤችሲፒ የሚባለውን) ለዋናው ብቻ መተው። ይህ በጥብቅ ትርጉሙ ሜሽ አይደለም፤ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ጥቂት ሊያቋርጥ ይችላል። የመሻገሩን ውሳኔ የሚወስነው በማንኛውም ሁኔታ ስልኩ ነው፤ አዲሶቹ ዕቃዎች «እዚያ ይሻልሃል» ብለው ይጠቁሙታል፣ አሮጌዎቹ ይህን አያውቁም። በግቢ ውስጥ እየተዘዋወረ በቪዲዮ ለሚያወራ ሰው ይህ ያስቸግራል፤ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ለምታጠና ተማሪ ግን ምንም አይደለም።

በሻንጣ የመጣ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት አስማሚው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው። 120 ብቻ ከሆነ በቀጥታ የሰኩት ዕለት ይቃጠላል። መተግበሪያው አገር ሲያስመርጥም ያሉበትን አገር ይምረጡ፤ የሚፈቀደው ሞገድና ጉልበት ከአገር አገር ይለያያልና።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሜሽ ድክመት ይገለጣል። አንድ ራውተር ሲኖር አንድ ትንሽ ባትሪ ይበቃ ነበር፤ አሁን ሞደሙ፣ ዋናውና አቀባባዩ ሦስቱም መብራት ይፈልጋሉ፤ አንዱ ከወደቀ ከእርሱ ወዲያ ያለው ይወድቃል። በዚህ ረገድ አሮጌዎቹ የሚመሰገኑበት ነገር አላቸው፤ ባለ ሦስት ሬዲዮ የዋይፋይ 7 ዕቃ ከአሮጌው የበለጠ ኃይል ስለሚበላ ያው ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይይዘዋል። ለራውተር የሚሆኑት ትንንሽ ዩፒኤሶች (የመጠባበቂያ ባትሪዎች) ብዙዎቹ 12 ቮልት ያወጣሉ፤ የዕቃው አስማሚ ቮልት ከዚያ ጋር አንድ መሆኑን፣ የአምፔሩም መጠን እንዳይበልጥ ማየት ግድ ነው።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ደግሞ የደኅንነት ነገር አለ። አምራቾች ከተወሰነ ዓመት በኋላ ለአሮጌ ሞዴል የሶፍትዌር ዝመና መላክ ያቆማሉ። ሜሽ ውስጥ ያለ እንዲህ ያለ ዕቃ በግቢው ግንብ ላይ እንደቀረ ቀዳዳ ነው፤ የቀሩት በሮች ቢቆለፉም። ዝመናው ያቆመ ዕቃ ምንም ያህል ቢሠራ ከሜሹ ቢወጣ እመክራለሁ፤ በተለይ ሰዎች በስልካቸው የባንክ ሥራ በሚሠሩበት ግቢ። የይለፍ ቃሉን አጠባበቅ በተመለከተ አሮጌ ስልኮች ደብሊውፒኤ3 የሚባለውን አዲሱን አሠራር ስለማያውቁ ሁለቱን የሚቀበል የሽግግር አማራጭ መምረጥ ያስፈልጋል። በ6 ጊጋኸርዝ ግን አዲሱ ግዴታ ነው።

እኛ ቤት ዕቃዎቹ ቦታቸውን ተለዋወጡ። ዋይፋይ 7 ሳሎን ገባ፤ ዋይፋይ 6 ወደ በረንዳው ወጣ፤ ዋይፋይ 5 ከሰርቪሱ ጫፍ ሆኖ ከዋናው በገመድ ተገናኘ። ስንለካ የተማሪዎቹ ክፍል ፍጥነት ከሳሎኑ ጋር የተቀራረበ ሆነ፤ መስመሩ ከሚሰጠው በላይ ማንም ሊያገኝ አይችልምና ሁለቱም ጣሪያውን ነኩ ማለት ነው። አዲስ የተገዛ ነገር ገመዱ ብቻ ነበር።

የቀረን አንድ ሥጋት አለ። በሁለት ቤቶች መካከል በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ በክረምት መብረቅ በአቅራቢያ ሲወርድ ኃይል ተሸክሞ ሁለቱንም ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል። ነጎድጓድ ሲሰማ እናቴ ሁለቱንም ጫፍ እንድትነቅል ነግሬያታለሁ፤ ሌሊት ግን ማን ይነቃል? ቀጭን የፋይበር ገመድ ብርጭቆ ስለሆነ መብረቅ አይሸከምም፤ በእያንዳንዱ ጫፉ ከፋይበር ወደ ተራ ገመድ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ይፈልጋል። ወንድሜ በቀደም ደውሎ ለሚቀጥለው ጥምቀት ምን ላምጣ ሲለኝ የእነዚህን የሁለት ሣጥኖች ሞዴል ጽፌ ላክሁለት፤ የአስማሚያቸውንም ቮልት ጨምሬ።